በጠራራ ፀሐይ የሚሄድ ቫምፓየር፦ የድሮ የስፔን አስፈሪ ፊልሞች ከነእንከናቸው የሚማርኩት ለምንድን ነው?

በ1972 ለሕዝብ በታየው «የዕውር ሽብር ሌሊት» በተባለው የስፔን ፊልም ውስጥ፣ ከመቃብር የተነሡ ፈረሰኞች ሰው እያሳደዱ በሜዳ ላይ ሲጋልቡ የሚታዩባቸው ክፍሎች አሉ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈረሰኞቹ በመካከለኛው ዘመን በሞት ተቀጥተው ዓይናቸውን ቁራዎች የበሉባቸው የቴምፕላር ማኅበር (የመስቀል ጦርነት ዘመን መነኮሳት-ወታደሮች ማኅበር) አባላት ናቸው፤ ስለማያዩም ታዳኛቸውን የሚከተሉት በጆሮ ነው። ጭንብላቸው ጭንብል መሆኑ ያስታውቃል፤ ከእጅጌያቸው የሚወጡት ጣቶች እንደ ጭራሮ ደርቀው አይታጠፉም። ፈረሶቹ የነተበ ጨርቅ ለብሰዋል፤ ከየት እንደ መጡ ግን ፊልሙ አንድም ቃል አይናገርም። ሰው በሙሉ ፍጥነቱ ይሸሻል፣ እነርሱ በስሎው ሞሽን ይጋልባሉ፣ ሆኖም ይደርሱበታል። ከበስተጀርባ የሚሰማው የአንቶን ጋርሲያ አብሪል ሙዚቃ ከዝማሬም ከማቃሰትም የተቀላቀለ፣ ቃሉ የማይለይ የወንዶች ድምፅ ነው።

ተመልካቹ በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር አብሮ ይገጥመዋል። የፊልሙ የገንዘብ ማነስ በግልጽ ይታየዋል፤ ይህን እያየም ሰውነቱ ይሸማቀቃል። ማብራሪያ የሚያስፈልገው የሁለቱ አብሮ መኖር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሰው እንዲህ ያለ ፊልም የሚያየው ሊስቅበት ነው የሚል ነው። ለአንዳንዱ ተመልካች ይህ እውነት ይሆናል፤ ነገር ግን ሊስቅ የመጣ ሰው አንድ ጊዜ ስቆ ይሄዳል፣ የእነዚህ ፊልሞች ወዳጆች ግን ለዐሥርተ ዓመታት ይመለሱባቸዋል፣ ቅጂዎቻቸውን እያመሳከሩ ይከራከራሉ፣ የተቀረጹባቸውን ፍርስራሾች ሄደው ያያሉ። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ አብዛኛው እንከን ምክንያቱ የሚታወቅ፣ ከሕግ፣ ከገንዘብ ወይም ከቀረጻ አሠራር የመነጨ እንከን ነው፤ በዚያ ላይ የሠሪዎቹ ፍጹም ቁም ነገረኝነት ሲጨመርበት፣ የሠለጠነ ሙያ ብቻውን ሊያመጣው የማይችል እንግዳ ስሜት ይፈጠራል።

ከሕጉ እንጀምር። ስፔን ከ1939 እስከ 1975 በጄኔራል ፍራንሲስኮ ፍራንኮ አገዛዝ ሥር ነበረች። ፊልም ሠሪው ስክሪፕቱን ቀረጻ ሳይጀምር ለሳንሱር ያቀርባል፤ ያለቀውም ፊልም ተመልሶ ይመረመራል። ቤተ ክርስቲያንን፣ ሠራዊቱንና የቤተሰብን ክብር ይነካል የተባለ ነገር አያልፍም። አስፈሪ ፊልም ግን መውጫ ቀዳዳ ነበረው፤ ጭራቁ የባዕድ አገር ሰው ከሆነና ታሪኩ ከስፔን ውጭ ከተፈጸመ ብዙ ነገር ይፈቀድ ነበር። በ1968 የወጣውና የዘርፉን ማዕበል የቀሰቀሰው «የተኩላ-ሰው ምልክት» ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ስክሪፕቱን የጻፈውና ዋናውን ሚና የተጫወተው ፖል ናሺ ራሱ ደጋግሞ እንደ ተናገረው፣ ጨረቃ ስትሞላ ወደ ተኩላ የሚለወጠው ባለታሪክ በመጀመሪያው ረቂቅ በሰሜን ስፔን የምትገኘው የአስቱሪያስ ሰው ነበር፤ ሳንሱሩ ስፔናዊ ተኩላ-ሰው አልቀበልም ስላለ ባለታሪኩ ፖላንዳዊ ባላባት፣ ስሙም ቫልዴማር ዳኒንስኪ ሆነ። ስፔን ግን በፍርድ ቤት መዝገብ ሳይቀር የራሷ ተኩላ-ሰው ያላት አገር ናት። ማኑኤል ብላንኮ ሮማሳንታ የተባለ የጋሊሺያ አዟሪ ነጋዴ በ1850ዎቹ መጀመሪያ በተደጋጋሚ ግድያ ተከስሶ ሲቀርብ፣ በእርግማን ተኩላ እሆን ነበር ብሎ ተከራክሯል፤ የሞት ፍርዱንም ንግሥት ኢሳቤል ሁለተኛ አቅልላለታለች።

ይህ የሳንሱር ግዴታ በፊልሞቹ ላይ የተወው ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። ታሪኩ የሚፈጸምበት አገር በካርታ ላይ የሌለ አገር ይሆናል። ስሙ ፈረንሳይ ወይም ስኮትላንድ ወይም የካርፓቲያ ተራሮች ይባላል፤ ድንጋዩ፣ ደረቅ ሣሩ፣ የገበሬዎቹ ፊትና የሚያቃጥለው ብርሃን ግን የካስቲል፣ የመካከለኛው ስፔን፣ ነው። «የዕውር ሽብር ሌሊት» የሚፈጸመው በፖርቱጋል እንደ ሆነ ይነገረናል፤ ሙታኑ የሚወጡበት ገዳም ግን ከማድሪድ በስተ ምዕራብ በፔላዮስ ዴ ላ ፕሬሳ የሚገኘው የሲስተርሲያን መነኮሳት ገዳም ፍርስራሽ ነው። ተመልካቹ ይህን ዝርዝር ባያውቅም የሚያየውና የሚነገረው እንዳልተገናኙ ይሰማዋል፤ ያ አለመገናኘት ደግሞ ለአስፈሪ ፊልም የማይጠቅም ነገር አይደለም።

ከሳንሱሩ የመጣ ሌላ አሠራር ደግሞ ድርብ ቅጂ የሚባለው ነው። አንድ ትዕይንት ሁለት ጊዜ ይቀረጻል፤ አንዱ ተዋናይቷ ልብስ ለብሳ ለስፔን ገበያ፣ ሌላው ተራቁታ ለውጭ ገበያ። በዚህ ላይ የውጭ አከፋፋዮች ለየአገራቸው እንደሚመቻቸው ይቆርጡና ይቀጥሉ ነበር። «የተኩላ-ሰው ምልክት» ወደ አሜሪካ ሲሻገር የገጠመው ነገር በእኔ ግምት ከሁሉም ይበልጣል። የአሜሪካው አከፋፋይ ለሲኒማ ቤቶች የፍራንከንስታይን ፊልም አቀርባለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ስለ ነበር የስፔኑን ፊልም «የፍራንከንስታይን ደም አፍሳሽ ሽብር» ብሎ ሰየመው፤ በፊልሙ ውስጥ ፍራንከንስታይን ስለሌለ ደግሞ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ቅርንጫፍ የተኩላ እርግማን ስለ ደረሰበት ስሙን ወደ ቮልፍስታይን ለወጠ የሚል አጭር መግቢያ ቀጠለበት። አንድን ፊልም በእንዲህ ያለ ቅጂ ያየ ተመልካች ታሪኩ ለምን እንደማይያያዝ ሲጠይቅ፣ ጥፋቱ የዳይሬክተሩ ይሁን፣ የሳንሱሩ ወይስ የነጋዴው መለየት አይችልም። የፊልሞቹ ወዳጆች ቅጂዎችን እያነጻጸሩ የሚሠሩት ሥራ ከዚህ የመጣ ነው፤ ለብዙዎቹም ደስታው ግማሹ ያለው እዚያ ነው።

ድምፁ ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን የስፔን ፊልሞች በአብዛኛው የተዋናዩን ድምፅ በቀረጻው ቦታ አይቀዱም ነበር፤ ንግግሩ ሁሉ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይጨመራል። የሥራው ወጪ በሁለትና በሦስት አገሮች አምራቾች መካከል ስለሚከፋፈል በአንድ ትዕይንት ውስጥ ስፔናዊው፣ ጀርመናዊቷና ጣሊያናዊው እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ሊናገሩ ይችላሉ። ናሺ እንኳ በብዙ ፊልሞቹ የሚሰማው በሌላ ሰው ድምፅ ነው። የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ የተከታተለ አንባቢ ከንፈርና ቃል ሳይገጥሙ ሲቀሩ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ድምፁ የተለበሰው በፊልሙ በራሱ ቋንቋም ጭምር መሆኑ ነው። ውጤቱ የሚገርም ነው። በጫካ ውስጥ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች በጠባብ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ይሰማሉ፤ ቅጠል አይንኮሻኮሽም፣ የእግር ኮቴ ብቻ ከሚገባው በላይ ጎልቶ ይመጣል። ሰዎቹ ከአካባቢያቸው የተነጠሉ፣ ድምፃቸውም ከአካላቸው የተነጠለ ይመስላል። አስፈሪ ፊልም የሚተርከው ደግሞ ከአካል ስለ ተነጠለ ነፍስና ነፍስ ስለሌለው አካል ስለ ሆነ፣ ጉድለቱ ሳይታሰብ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል።

በርእሱ የጠቀስሁት ቫምፓየርም እንዲሁ ያለ ታሪክ አለው። ሌሊትን በእውነተኛ ሌሊት ለመቅረጽ ብዙ መብራት፣ ጄኔሬተርና ለሠራተኛ የሚከፈል የማታ አበል ያስፈልጋል። ርካሹ መንገድ ቀን ላይ፣ ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን ቀንሶ፣ ብዙ ጊዜም ሰማያዊ ማጣሪያ በሌንሱ ላይ አድርጎ መቅረጽና በላቦራቶሪ ሲታተም የበለጠ ማጨለም ነው። ስፔናውያን ይህን ዘዴ «የአሜሪካ ሌሊት» ይሉታል። በጥንቃቄ ከታተመ ዓይን ይቀበለዋል። ችግሩ የመጣው ፊልሞቹ ለቴሌቪዥንና ለቪዲዮ ካሴት ሲገለበጡ ነው፤ የገለበጠው ሰው ማጨለሙን ስለሚረሳው ወይም ግድ ስለማይሰጠው፣ የፀሐይ ጨረር ቢነካው አመድ ይሆናል የተባለው ቫምፓየር ጥላው መሬት ላይ በግልጽ ወድቆ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ በቀትር ሲሄድ እናየዋለን። ባለታሪኮቹ ግን ሌሊት መሆኑን አይጠራጠሩም፤ ፋኖስ ይዘው ይሄዳሉ፣ ስለ ጨለማው ይነጋገራሉ። ተመልካቹ ዓይኑን ይመን ወይስ ባለታሪኮቹን? በሕልም ውስጥ ቀን እያየን ሌሊት መሆኑን በእርግጠኝነት የምናውቅበት ጊዜ አለ፤ የብዙ ተመልካቾች ትዝታ ከእነዚህ ፊልሞች ጋር የተቆራኘው በዚህ ዓይነት ብርሃን ነው።

እስካሁን የዘረዘርሁት እንከን ነው። እንከን ብቻውን ማንንም አይማርክም፤ ርካሽ ፊልም በየአገሩ ሞልቷል። ሁለተኛው ነገር፣ ማለትም ቁም ነገረኝነቱ፣ በናሺ ሰውነት ውስጥ በደንብ ይታያል። ትክክለኛ ስሙ ሃሲንቶ ሞሊና ሲሆን በ1934 በማድሪድ ተወለደ፤ በክብደት ማንሣት የስፔን ሻምፒዮን ነበር። ልጅ ሳለ በሲኒማ ቤት የአሜሪካውን ተኩላ-ሰው አይቶ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደ እርሱ መሆን ተመኘ። የጀርመን አከፋፋዮች የስፔን ስም ገበያ የለውም ሲሉት «ፖል» የሚለውን ከሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ከጳውሎስ ስድስተኛ፣ «ናሺ» የሚለውን ከሃንጋሪያዊው ክብደት አንሺ ከኢምሬ ናጂ ወስዶ ስም አወጣ። ዳኒንስኪን ከዐሥር ጊዜ በላይ ተጫውቶታል፤ በአንዱ ፊልም ከሂማላያው የበረዶ ሰው ጋር እስከ መታገል ደርሷል። ሜካፑ ሲለጠፍበት የሚታይ ሊሆን ይችላል፣ ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው ሲሻገር ሸሚዙ ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል፤ ተዋናዩ ግን በአንድም ቦታ ለተመልካቹ «ጨዋታ ነው» የሚል ጥቅሻ አይሰጥም። ተኩላው የሚሞተው በምትወደው ሴት እጅ ብቻ ነው የሚለውን ደንብ እንደ ትልቅ የፍቅር ሐዘን ይዞት ይዘልቃል። በ1973 በወጣ አንድ ፊልም ደግሞ ናሺ የተጫወተው ድራኩላ በፍቅር ምክንያት እንጨቱን በገዛ ልቡ ላይ ይተክላል። ይህን ትዕይንት ሳየው የማከብረው ሰው አያለሁ፤ ያለውን ሁሉ አውጥቶ፣ ያልነበረውን ደግሞ እንዳለው አድርጎ የሠራ ሰው።

የዘርፉ ትልቁ የገበያ ስኬት የመጣውም ከዚሁ ቤት ነው። በአርጀንቲና የተወለደውና የጥርስ ሕክምና ያጠናው ሌዮን ክሊሞቭስኪ በ1971 ያቀረበው «የቫልፑርጊስ ሌሊት» ሲኒማ ቤቶችን ስለ ሞላ አምራቾች ሁሉ ወደ አስፈሪ ፊልም ዞሩ። በፊልሙ ውስጥ ቫምፓየሮቹ ሴቶች በጭስ መካከል በስሎው ሞሽን የሚንሳፈፉበት ክፍል አለ። ለዚህ ክፍል የጭስ ማውጫ መሣሪያ፣ ነጭ ቀሚስና የካሜራውን ፍጥነት መለወጥ ይበቃል። ትልቅ ማስመሰያ ለመሥራት ገንዘብ ያልነበራቸው የስፔን ዳይሬክተሮች ጊዜን ራሱን እንደ ማስመሰያ መጠቀም ለመዱ፤ የ«የዕውር ሽብር ሌሊት» ዳይሬክተር አማንዶ ዴ ኦሶሪዮ በቴምፕላር ፈረሰኞቹ ያደረገውም ይህንኑ ነው።

ሄሱስ ፍራንኮ ለብቻው የሚታይ ነው (ከጄኔራሉ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም)። በ1962 ያወጣው «ጩኸት በሌሊት» የስፔን አስፈሪ ፊልም መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። ይህን ሰው ሙያ የማያውቅ ነው ማለት አይቻልም፤ ታዋቂው አሜሪካዊ ዳይሬክተር ኦርሰን ዌልስ በ1960ዎቹ በስፔን ፊልም ሲሠራ የሁለተኛውን የቀረጻ ቡድን የመራው እርሱ ነው። ግን ወደ 200 የሚጠጉ ፊልሞችን በችኮላ፣ አንዳንዴም ባሕር ዳር ካለ ሆቴል ሳይወጣ፣ በብዙ የብዕር ስሞች ሠራ፤ ከስሞቹ ጥቂቶቹ የሚወዳቸው የጃዝ ሙዚቀኞች ስም ነበሩ። የካሜራው ዙም ያለ ታሪኩ ፈቃድ ወደ ፊት ይገባል፣ ይወጣል፣ ትኩረቱን ይስታል፣ መልሶ ያገኛል። እኔ ይህን የማየው እንደ ጃዝ አጨዋወት ነው፤ ብዙ ጊዜ ያሰለቻል፣ በየመካከሉ ግን ሌላ ማንም ያላገኘው ደቂቃ ይመጣል። በ1970 በመኪና አደጋ ሕይወቷ ያለፈው ሶሌዳድ ሚራንዳ በእርሱ ፊልሞች ውስጥ ያላት ዝምታና አስተያየት ከእነዚህ ደቂቃዎች ዋነኛው ነው። የስፔን የፊልም አካዳሚ በ2009 የክብር ጎያ ሽልማት ሰጥቶታል።

ጥሩ ሙያ የነበራቸው የስፔን አስፈሪ ፊልም ሠሪዎችም እንደ ነበሩ መዘንጋት የለበትም። ናርሲሶ ኢባኜዝ ሴራዶር በ1969 የሠራው፣ በአንድ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት የሚፈጸመው ፊልም ከብዙ የእንግሊዝ ፊልሞች የተሻለ ተቀርጿል፤ በአገሩም እጅግ ብዙ ሕዝብ አይቶታል። ስለዚህ የሌሎቹ እንከን የመጣው አገሪቱ ፊልም መሥራት ስላልቻለች ነው ማለት አይቻልም። ደግሞም ሁሉም እንከን አያምርም። በኦሶሪዮ ሦስተኛው የቴምፕላሮች ፊልም ውስጥ የምትታየው መርከብ አሻንጉሊት መሆኗን ውሃው ያጋልጣታል፤ መርከብን ማሳነስ ይቻላል፣ የውሃ ጠብታንና ሞገድን ግን ማሳነስ አይቻልምና። ያ እንከን ፊልሙን ከማድከም በስተቀር ያመጣው ነገር የለም። ከዚህ የከፋው ደግሞ በ1973ቱ «የሬሳ ቤቱ ጎባጣ» ውስጥ ሕያው አይጦች በእሳት መቃጠላቸውና፣ በብዙዎቹ ፊልሞች የሴቶች ሥቃይ ያለ ምንም የታሪክ አስፈላጊነት መራዘሙ ነው። የዘርፉ ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው ይህን «የዘመኑ ነገር» ብሎ ሊያልፈው አይገባም፤ እኔም አላልፈውም።

ተንታኞች ቴምፕላሮቹን ከፖለቲካ ጋር አያይዘው ያነብቧቸዋል። መስቀልና ሰይፍ አብረው የያዙ ሽማግሌዎች፣ መሞት ሲገባቸው ያልሞቱ፣ የማያዩ ነገር ግን እያንዳንዱን የልብ ትርታ የሚሰሙ፣ ወጣቶችን እየተከታተሉ የሚገድሉ፤ ይህ በ1972 የነበረችውን ስፔን ለሚያውቅ ሰው ብዙ ይናገራል። ኦሶሪዮ ይህን አስቦ ሠራ ብዬ አልከራከርም። ሳንሱሩ ግን መነኮሳት-ወታደሮቹ ፖርቱጋል ውስጥ ስለ ነበሩ አሳለፋቸው፤ የማድሪድ ተመልካች ደግሞ ገዳሙን ከከተማው ውጭ ያውቀው ነበር።

ጄኔራሉ በኅዳር 1975 ሞተ፤ የፊልም ሳንሱር በ1977 ተሻረ። ከዚያ በኋላ በባዕድ አገር ስም መደበቅም ሆነ ድርብ ቅጂ መሥራት አላስፈለገም፤ የዘርፉ ብርታት አስቀድሞ ደክሞ ነበርና ነጻነቱ አላነሣውም። ዛሬ ከዋናው ነጋቲቭ የታደሱ ንጹሕ ቅጂዎች ይገኛሉ፤ በእነርሱም ሌሊቱ በትክክል ሌሊት ነው፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ የተቆረጠው ተመልሷል። ለጀማሪ የምመክረው «የዕውር ሽብር ሌሊት»ን በእንዲህ ያለ ቅጂ፣ በስፔንኛው ድምፅና በሙሉ ርዝመቱ እንዲያይ ነው፤ የተቆራረጠውን የእንግሊዝኛ ቅጂ አስቀድሞ ያየ ሰው ኦሶሪዮ ያልፈጸመውን ጥፋት በኦሶሪዮ ላይ ይጭናል። ከዚያ በኋላ የናሺን ፊልሞች በወጡበት ቅደም ተከተል መከተል ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሁለተኛው ላይ ይሰናከላል። ናሺ በ1968 ፓሪስ ላይ ተቀረጸ ያለው «የተኩላ-ሰው ሌሊቶች» የተሰኘ ፊልም በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ አይቼዋለሁ ብሎ ማስረጃ ያቀረበ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ወዳጆቹም ፊልሙ ጠፋ ወይስ ጭራሹን አልተሠራም በሚለው ላይ እስካሁን ይከራከራሉ።